ከኦሃዮ ምክር ቤት ደጃፍ እስከ ሃዋይ፦ 21 ሺህ ፊርማና አንድ ሐውልት

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

በኮሎምበስ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የኦሃዮን ምክር ቤት ደጃፍ ሳናውቀው አንቀርም። ባንዲራችንን ለብሰን በሃይ ስትሪት በኩል ቆመንበታል፤ በክረምት ብርድ እጃችን እየደነዘዘ መፈክር ይዘንበታል፤ ለአሜሪካ ምክር ቤት አባላት የሚላክ አቤቱታ እያዞርን "ወገኔ፣ ፈርምልን" ብለንበታል። ከእነዚህ ሰልፎች በአንዱ ላይ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ አንድ ልጅ ከፍ ብሎ የቆመውን የነሐስ ሐውልት በጣቱ እያሳየ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" ሲል ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን። "አንድ የድሮ ፕሬዚዳንት መሰለኝ" አለ አንዳችን። ልጁ በዚያው ተወው፤ እኛን ግን ነገሩ ሲያሳፍረን ሰነበተ። ዓለም ታሪካችንን አያውቅልንም እያልን የምንጮህ ሰዎች፣ የምንጮህበትን ደጃፍ ታሪክ አናውቅም ነበርና።

ሰውየው ዊሊያም ማኪንሊ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1896 የኦሃዮ አገረ ገዥ፣ ከ1897 ጀምሮ ደግሞ በ1901 በሰው እጅ እስከ ተገደሉበት ቀን ድረስ 25ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሐውልቱ የቆመው በ1906 ነው። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት አለው። ገዥው ከመንገዱ ማዶ በነበረው ኒል ሀውስ ሆቴል ይኖሩ ስለነበር፣ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ እዚህ ቦታ ሲደርሱ ዞር ብለው በመስኮት ለምታያቸው ሕመምተኛ ባለቤታቸው ለአይዳ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር ይባላል። የኮሎምበስ ሰው ይህን ታሪክ ይወደዋል። ደግ ባል መሆናቸውን እኛም አንክድም።

ነገር ግን ከዚህ ከ4 ሺህ ማይል በላይ ርቆ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ የእኚህን ሰው ስም በሌላ ምክንያት የማይረሳ ሕዝብ አለ። በሃዋይ ዋና ከተማ በሆኖሉሉም የማኪንሊ ሐውልት ቆሟል፤ በስማቸው በተሰየመ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ። በእጁ የያዘው ወረቀት ላይ "የውህደት ውል" የሚል ተቀርጿል። ሃዋይን ከአሜሪካ ጋር ያዋሐደው ውል መሆኑ ነው። ችግሩ፣ ውሉ ጸድቆ የማያውቅ መሆኑ ነው። ሐውልቱ የያዘው የሌለ ወረቀት ነው። ያ ውል እንዳይጸድቅ ያደረገው ደግሞ የሃዋይ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ጽፎ የፈረመው ሌላ ወረቀት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን የእነዚህን የሁለት ወረቀቶች ታሪክ ይተርካል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንግሥት የነበረው ሕዝብ

ብዙዎቻችን ሃዋይን የምናውቀው በሆቴል ማስታወቂያ ነው፤ የአበባ ጉንጉን፣ የሣር ጉርድ፣ የባሕር ዳርቻ። ከ2008 ወዲህ ደግሞ የባራክ ኦባማ የትውልድ ቦታ መሆኗን አውቀናል። ከማስታወቂያው በስተጀርባ ግን ንጉሥ፣ ሕገ መንግሥት፣ ጋዜጣና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የነበረው አገር ነበር።

የሃዋይ ሰዎች ቅድመ አያቶች ያለ ኮምፓስ፣ ኮከብና የማዕበሉን አካሄድ እያነበቡ፣ የወፎችን በረራ እየተከተሉ፣ በሁለት ተጣማሪ ጀልባ ውቅያኖሱን አቋርጠው የመጡ መርከበኞች ናቸው። ይዘዋቸው ከመጡት ተክሎች ዋነኛው እኛ ጎደሬ የምንለው ሥር ነው። በእነሱ ትውፊት የመጀመሪያው ልጅ ሞቶ ተወለደ፤ በተቀበረበት ቦታ ጎደሬ በቀለ። ቀጥሎ የተወለደው ልጅ ሰው ሆነ፤ የሕዝቡም አባት እሱ ነው። ስለዚህ ጎደሬው ለሰው ታላቅ ወንድም ነው። ታናሽ ታላቁን ይንከባከባል፤ ታላቅ ታናሹን ይመግባል። መሬት ለሃዋይ ሰው ሸቀጥ ሳይሆን ዘመድ የሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ሌላም የሚያስደንቀን ነገር አላቸው። ግጥማቸው ላይ ላዩን ስለ አበባ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ፍቅር የሚናገር ሆኖ ከሥሩ ሌላ መልእክት ይቀበርበታል። ይህንን የተደበቀ ፍቺ "ካኦና" ይሉታል። እኛ ሰምና ወርቅ እንለዋለን።

ደሴቶቹን በ1810 በአንድ ዘውድ ሥር ያዋሐዱት ንጉሥ ካሜሃሜሃ ናቸው። በ1820 የአሜሪካ ሚሲዮናውያን መጡ፤ በ1822 የማተሚያ መኪና ሥራ ጀመረ፤ በ1834 የመጀመሪያው በሃዋይኛ የተጻፈ ጋዜጣ ወጣ። ሕዝቡ ማንበብን በፍቅር ያዘው፤ በክፍለ ዘመኑ ውስጥ በሃዋይኛ የታተሙት ጋዜጦች ቁጥር ወደ አንድ መቶ ይጠጋል። በ1840 በጽሑፍ የሰፈረ ሕገ መንግሥት አወጡ። በ1843 እንግሊዝና ፈረንሳይ ነፃነታቸውን በይፋ አወቁላቸው። ንጉሥ ካላካዋ በ1881 ዓለምን ዞሩ፤ ምድርን በመዞር ከነገሡ ነገሥታት የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። በኢኦላኒ ቤተ መንግሥታቸው የኤሌክትሪክ መብራት የበራው ዋይት ሀውስ ውስጥ ከመብራቱ ዓመታት በፊት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ አገር እንዴት ተወሰደ?

አንደኛው በሽታ ነው። ካፒቴን ኩክ በ1778 ሲደርስ የሕዝቡ ቁጥር ከ300 ሺህ እንደማያንስ ይገመታል። ከውጭ በመጡት በሽታዎች እያለቀ ሄዶ በ1890 በተደረገው ቆጠራ የተገኘው የተወላጆች ቁጥር፣ ከሌላ ዘር የተደባለቁት ጭምር ተቆጥረው፣ ወደ 40 ሺህ ብቻ ነበር። ሁለተኛው መሬት ነው። በ1848 የጋራ የነበረው መሬት በንጉሡ፣ በመኳንንቱና በመንግሥት መካከል ተከፋፈለ፤ በ1850 የውጭ ሰዎች መሬት መግዛት ተፈቀደላቸው። ተራው ገበሬ ያገኘው ከጠቅላላው መሬት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። "መሬት ላራሹ" እያለ ላደገው ለእኛ ትውልድ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ሦስተኛው ስኳር ነው። የሚሲዮናውያኑ ልጆችና የልጅ ልጆች የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ሆኑ፤ ገበያቸው አሜሪካ ነበረች፤ ዘውዱ መንገዳቸው ላይ ቆመ። በ1887 በታጠቁ ሰዎች ኃይል ንጉሡን አስገድደው አዲስ ሕገ መንግሥት አስፈረሟቸው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ "የሳንጃው ሕገ መንግሥት" ይለዋል።

ንግሥቲቱ፣ ገዥውና አድዋ

በ1891 ካላካዋ ሲሞቱ እህታቸው ሊሊኡኦካላኒ ነገሡ። ንግሥቲቱ የዜማ ደራሲም ነበሩ፤ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን "አሎሃ ኦኤ" የተባለውን ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው። የሳንጃውን ሕገ መንግሥት በሌላ ለመተካት ሲነሱ ስኳር ነጋዴዎቹ ተንቀሳቀሱ። ጃንዋሪ 16 ቀን 1893 ቦስተን ከተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ 162 ወታደሮች ወርደው በሆኖሉሉ መሬት ላይ ቆሙ። በማግስቱ ንግሥቲቱ፣ ደም እንዳይፈስ ብለው፣ ሥልጣናቸውን ለአሜሪካ መንግሥት በተቃውሞ አስረከቡ። ዋሽንግተን እውነቱን ስታጣራ ዙፋኔን ትመልስልኛለች የሚል እምነት ነበራቸው።

በዚያች ቀን የኦሃዮ አገረ ገዥ ማን ነበሩ? ማኪንሊ። ጠዋት እንደ ልማዳቸው ከኒል ሀውስ ወጥተው፣ ዛሬ ሐውልታቸው ካለበት ቦታ እጃቸውን አውለብልበው ቢሮ ገብተው ይሆናል። የእሳቸውና የንግሥቲቱ ዕጣ የሚገናኝበት ቀን ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር።

የወቅቱ ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ (የኛው የኦሃዮ ክሊቭላንድ ስሟን ያገኘችው ከእሳቸው አይደለም) መርማሪ ልከው አጣሩ፤ ድርጊቱ ስሕተት እንደነበር በ1893 ዲሴምበር ለምክር ቤቱ በጽሑፍ ገለጹ። ምክር ቤቱ ግን ዙፋኑን አልመለሰም። ባለ ስኳሮቹ በ1894 ሪፐብሊክ አወጁ። በ1895 የንግሥቲቱ ደጋፊዎች መሣሪያ አንስተው ከሸፈባቸው፤ ንግሥቲቱም ተይዘው በገዛ ቤተ መንግሥታቸው አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር ያህል ታሰሩ። ጋዜጣ ማንበብ ተከልክለው ነበር። ወዳጆቻቸው ግን ከአትክልት ቦታቸው አበባ እየቆረጡ በጋዜጣ ጠቅልለው ይልኩላቸው ነበር። አበባው ለጠባቂዎቹ፣ መጠቅለያው ለንግሥቲቱ። እሳቸውም መልሳቸውን በካኦና፣ በሰምና ወርቅ፣ ለሕዝባቸው ላኩ፤ በእስር ቤት የጻፏቸው ዜማዎች በሃዋይኛ ጋዜጣ ታትመው ወጡ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ አገራችን እንመልከት። በ1889 አጼ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። የ17ኛው አንቀጽ የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መገናኘት "አለባት" ሲል፣ የአማርኛው "ትችላለች" ይል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የኢጣሊያን ጥያቄ ውድቅ ያደረጉት የአማርኛውን ወረቀት ይዘው ነው። በመጨረሻም ነገሩ ማርች 1 ቀን 1896 አድዋ ላይ በጦር ሜዳ ተቆረጠ። በዚያው በ1896፣ ሃዋይን የያዘው መንግሥት የትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ አወጣ። እኛ በድል ነጋሪት ባስመታንበት ዓመት እነሱ ቋንቋቸውን ከትምህርት ቤት ተነጠቁ።

ይህን የምንለው ለመኩራራት አይደለም። አድዋ ላይ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት ነበረን፤ ጠመንጃ ነበረን፤ ተራራችን ምሽጋችን ነበር። የሃዋይ ሕዝብ ሕፃንና ሽማግሌ ተደምሮ 40 ሺህ ነበር፤ ዙሪያው ባሕር፣ ባሕሩ ላይ የባዕድ መርከብ። የቀረው መሣሪያ አንድ ነበር፤ ብዕር።

ሀገር ፍቅር ማኅበር

በ1897 ማኪንሊ ዋይት ሀውስ ገቡ። ጁን 16 ቀን የውህደት ውሉ ተፈረመ፤ በአሜሪካ በኩል የፈረሙት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ሸርማን ነበሩ፤ እሳቸውም የኦሃዮ ሰው ናቸው። በሃዋይ በኩል የፈረሙት ደግሞ የሪፐብሊኩ ተወካዮች እንጂ የሕዝቡ አልነበሩም። ውሉ እንዲጸና የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ የአሜሪካ ሴኔት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ።

በሃዋይ ከ1893 ጀምሮ የተቋቋመ "ሁዪ አሎሃ አይና" የሚባል ማኅበር ነበር። "ሁዪ" ማኅበር፣ "አሎሃ" ፍቅር፣ "አይና" አገር ወይም መሬት ማለት ነው። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ስንመልሰው "የሀገር ፍቅር ማኅበር" ሆኖ አገኘነው። አዲስ አበባ ላይ በ1935፣ ፋሺስት ኢጣሊያ ሊወረን ሲሰናዳ፣ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለማንቃት የተቋቋመው፣ ዛሬም በቴአትር ቤቱ የምናውቀው ማኅበራችን ስሙ ይኸው ነው። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ፣ አገራቸው አደጋ ላይ ስትወድቅ ለማኅበራቸው አንድ ዓይነት ስም አወጡ።

ማኅበሩ የወንዶችና የሴቶች ክንፍ ነበረው። የሴቶቹ ክንፍ መሪዎች አቢጌል ካምቤልና ኤማ ናዋሂ በመርከብ ወደ ሂሎ ከተማ ተጉዘው ሕዝብ ሰበሰቡ። ሌሎቹም በጀልባ፣ በፈረስና በእግር ከደሴት ደሴት፣ ከመንደር መንደር ዞሩ። በ1897 የመጨረሻ ወራት ውስጥ 21,269 ሰዎች "ውህደቱን እንቃወማለን" ብለው ፈረሙ። ከመላው ተወላጅ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ወረቀቱ የወንዶችና የሴቶች እየተባለ ለየብቻ ተዘጋጅቶ፣ ስምና ዕድሜ እየተጻፈበት፣ ከ550 ገጽ በላይ ሆነ። ልብ በሉ፤ በአሜሪካ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1920 ነው።

ጄምስ ካውሊያ፣ ዴቪድ ካላውኦካላኒ፣ ጆን ሪቻርድሰንና ዊሊያም ኦልድ የተባሉ አራት መልእክተኞች ወረቀቱን ይዘው በዲሴምበር ዋሽንግተን ደረሱ። ንግሥቲቱም እዚያው ነበሩ። ሴናተሮችን አንድ በአንድ እያገኙ ፊርማውን አሳዩ። በፌብሩዋሪ 1898 የውሉ ደጋፊዎች ሲቆጠሩ 46 ሆኑ። የሚያስፈልጉት 60 ነበሩ። ውሉ ወደቀ።

እንግዲህ በዚህ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር! ግን በኤፕሪል አሜሪካ ከስፔን ጋር ጦርነት ገባች፤ ጦርነቱ ፊሊፒንስ ደረሰ፤ ሃዋይ ለመርከቦቹ የከሰል ማደያ ትሁን ተባለ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የማይገኝ መሆኑን ያወቁ ሰዎች ውሉን ትተው "የጋራ ውሳኔ" የሚባል ሌላ መንገድ መረጡ። ይህ በተራ ብልጫ ያልፋል። በሴኔቱ 42 ለ21 አለፈ። ማኪንሊ ጁላይ 7 ቀን 1898 ፈረሙበት። ኦገስት 12 ቀን የሃዋይ ባንዲራ ከኢኦላኒ ቤተ መንግሥት ወረደ። የዘውዱና የመንግሥቱ 1.8 ሚሊዮን ኤከር መሬትም ለአሜሪካ ተላለፈ። ንግሥቲቱ በ1917 እስካረፉበት ቀን ድረስ አቤት ማለታቸውን አልተዉም።

የሆኖሉሉው ሐውልት የሌለ ወረቀት የያዘው ለዚህ ነው። በቅርብ ዓመታት ሐውልቱ እንዲነሳ፣ የትምህርት ቤቱም ስም እንዲለወጥ የሚጠይቁ ድምፆች ተሰምተዋል።

መቶ ዓመት በሣጥን ውስጥ

ታዲያ ያ ሁሉ ፊርማ ከንቱ ቀረ? እኛም ይህን ጽሑፍ ስንጀምር እንደዚያ መስሎን ነበር።

ወረቀቱ በዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገባ። ከዚያ በኋላ በሃዋይ ትምህርት ቤቶች ልጆች የተማሩት ታሪክ፣ ሕዝቡ ውህደቱን ዝም ብሎ እንደ ተቀበለ ነበር። ይህ ተረት ለምን ቆየ? ታሪክ ጸሐፊዎቹ እንግሊዝኛውን ብቻ ያነቡ ነበርና። ተቃውሞው፣ ስብሰባው፣ ልቅሶው፣ ዛቻው ሁሉ ተጽፎ ነበር፤ የተጻፈው ግን በሃዋይኛ ጋዜጦች ላይ ነው። ቋንቋው ከትምህርት ቤት ተባርሮ፣ በትምህርት ቤት የተናገረ ልጅ እየተቀጣ፣ የልጅ ልጆቹ የአያቶቻቸውን ጋዜጣ ማንበብ አቃታቸው። ምስክሩ ቆሞ ነበር፤ የሚሰማው ጠፋ።

በ1996 ኖኤኖኤ ሲልቫ የተባሉ ሃዋይኛ የሚያነቡ የሃዋይ ተወላጅ ምሁር እነዚያን ገጾች ከቤተ መዛግብቱ አውጥተው ለሕዝባቸው አሳወቁ። ቅጂው በሃዋይ ለእይታ ሲቀርብ ሰዎች ወረፋ ይዘው የአያቶቻቸውን ስም ፈለጉ። "እነሱ ዝም አሉ" እየተባለ ያደገ ሰው፣ የቅድመ አያቱን ስም በገዛ እጇ ተጽፎ አገኘው። ስለዚያ ቤተሰብ የተነገረው የመቶ ዓመት ውሸት በአንድ መስመር ጽሑፍ ተሰረዘ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶቻችን አባባል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚኖረው አይመስለንም።

ቋንቋውም ከሞት አፋፍ ተመልሷል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሃዋይኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ልጆች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። በ1978 ሃዋይኛ ከእንግሊዝኛ ጋር የግዛቲቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆነ። በ1984 ጥቂት ወላጆች "ፑናና ሌኦ"፣ የቋንቋ ጎጆ እንደ ማለት ነው፣ የሚል ስም ሰጥተው በሃዋይኛ ብቻ የሚነገርበት የሕፃናት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሕጉ ገና አልተፈቀደላቸውም ነበር፤ የልጆቹ ወላጆች ራሳቸው ብዙዎቹ ቋንቋውን አይችሉም፤ ከልጆቻቸው ጋር አብረው ተማሩ። በ1987 የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ጀመሩ። ዛሬ ከሕፃናት ትምህርት ቤት እስከ ዶክትሬት ድረስ በዚህ ቋንቋ መማር ይቻላል።

የባሕሩ ጥበብም እንዲሁ ነው። በ1976 "ሆኩሌአ" የተባለች እንደ ጥንቱ የተሠራች ጀልባ ያለ አንዳች መሣሪያ ከሃዋይ ታሂቲ ደረሰች። መሪዋ ግን ሃዋያዊ አልነበረም፤ በሃዋይ ጥበቡን የሚያውቅ ሰው አልቆ ስለነበር፣ ከማይክሮኔዥያ ማው ፒያይሉግ የተባሉ ባለሙያ መጥተው መሯት፤ በኋላም ለሃዋይ ልጆች አስተማሩ። ከራስ ቤት የጠፋን ነገር ከጎረቤት መማር ነውር እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ሁሉም ነገር ተመለሰ ብለን ግን አንዋሽም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1993፣ መፈንቅለ መንግሥቱ መቶ ዓመት ሲሞላው፣ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ፈረሙበት። በ2009 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይቅርታው የመሬቱን ባለቤትነት አይለውጥም ሲል ወሰነ። ኑሮው ስለሚወደድባቸው ተወላጆቹ አገራቸውን እየለቀቁ ነው፤ በ2020 ቆጠራ ከሃዋይ ተወላጆች ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት ከሃዋይ ውጭ፣ በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ውስጥ ነው። በኦገስት 2023 ደግሞ የመንግሥቱ የቀድሞ መናገሻ የነበረችው ላሃይና በእሳት ወድማ ወደ አንድ መቶ ሰው አለቀ። በራስ አገር ስደተኛ መሆን ምን እንደሚመስል እነሱ ያውቁታል።

የእኛስ ወረቀት የት ነው?

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ቤታችን ይመጣል። ከ2005 ምርጫ በኋላ በየከተማው የሰበሰብነውን ፊርማ አስታውሱ። ኤች.አር. 2003 የተባለው ረቂቅ በኦክቶበር 2007 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ እልል ያልን፣ ሴኔቱ ላይ ሲቀር "ፊርማ ምን ያደርጋል!" ብለን ወደየሥራችን የተመለስን ስንቶቻችን ነን? ከዚያ ወዲህም ብዙ ፈርመናል፤ አንዳንዶቻችንም በኋላ በጎራ ተከፋፍለን ትናንት አብሮን ከፈረመው ሰው ጋር ሰላምታ አቁመናል።

አሁን ጥያቄያችን ሌላ ነው። እነዚያ ወረቀቶች ዛሬ የት አሉ? በራሪ ጽሑፎቹ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎቹ፣ ለሴናተሮች የተጻፉት ደብዳቤዎች፣ የተቀረጹት ካሴቶች? በአንዱ ጋራዥ በሙዝ ካርቶን ውስጥ፣ በሌላው ምድር ቤት በሻጋታ መካከል፣ በሞተ ኮምፒዩተር ሆድ ውስጥ ናቸው። ካርቶኑን የሚያውቁት አባት ሲያርፉ፣ ልጆቻቸው ቤቱን ሲያጸዱ አማርኛውን ማንበብ ስለማይችሉ ከቆሻሻ ጋር ያወጡታል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ የውጭ አገር ሰው "በአሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስለ አገራቸው ግድ አልነበራቸውም" ብሎ በእንግሊዝኛ ቢጽፍ፣ ምን ይዘን እንመልሳለን?

ከዚህ ጋር አንድ እውነት እንጨምር፤ ለአንዳንዶቻችን ሊጎረብጥ ይችላል። የሃዋይን ልጅ በቋንቋው ስለ ተናገረ መቅጣት ግፍ ነው ካልን፣ በአገራችንም ለረጅም ዘመን ብዙ ልጆች ከእናታቸው አፍ የተማሩትን ቋንቋ ትምህርት ቤት በር ላይ ጥለው እንዲገቡ መደረጋቸውን መርሳት የለብንም። አማርኛችንን ለልጆቻችን ለማቆየት ስንታገል፣ ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን፣ ሲዳምኛውንም ለማቆየት የሚታገለውን ጎረቤታችንን ልናበረታታው ይገባል። ሀገር ፍቅር ለአንድ ቋንቋ ብቻ የሚሰጥ አይደለም።

ምን እናድርግ ለሚለን የምንመክረው ቀላል ነገር ነው። የኮሎምበስ ማኅበሮቻችንና አብያተ እምነቶቻችን አንድ አንድ ቅዳሜ መድበው ካርቶኖቹን ይሰብስቡ፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ቅጂውን ከአንድ በላይ ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱን ቅጂ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይስጡ። ሽማግሌዎቻችን ሳያልፉ ቃላቸው ይቀረጽ። የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ላይ ልጆቻችንን ሀሁ ብቻ አናስቁጥራቸው፤ አባቶቻቸው የጻፉትን ደብዳቤ አምጥተን እናስነብባቸው። እኛም ከእንግዲህ አቤቱታ ስንፈርም ጫር ጫር አድርገን አንለፍ፤ ሙሉ ስማችንን፣ ከነአባታችን፣ በፊደላችንም ጭምር እንጻፈው። ፊርማው ዛሬ ለሴናተሩ ነው፤ ነገ ግን ለልጅ ልጃችን ነው።

ኮሎምበስ ስሟን ባገኘችበት ሰው ጉዳይ እንኳ ተከራክራለች፤ በከተማው አዳራሽ ፊት የነበረው የክሪስቶፈር ኮሎምበስ ሐውልት በጁላይ 2020 ከቦታው ተነስቷል። ማኪንሊ ግን እስካሁን በሃይ ስትሪት በኩል ቆመዋል። ይነሱ አይነሱ የሚለውን ለከተማው ሰው እንተወዋለን። የእኛ ጉዳይ ያ ልጅ የጠየቀን ጥያቄ ነው። በሚቀጥለው ሰልፍ ላይ ካገኘነው መልሱን ይዘናል፤ "ይሄ ሰውዬ የአንድን ሕዝብ አገር በፊርማው የወሰደ ነው። ያ ሕዝብ ግን 21,269 ፊርማ አስቀምጦ ነበር፤ ፊርማው ከመቶ ዓመት በኋላ ተነሥቶ መሰከረ። አሁን ና፣ ስምህን በአማርኛ እዚህ ላይ ጻፍ" እንለዋለን።

ቸር ይግጠመን!